ጉማራ የጎደለ ጊዜ

እኔ ጠርጣሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራትም ለማፈርም ብዬ አይደለም፤ አንዱ ረጅም ነኝ፣ ሌላው አጭር ነኝ እንደሚለው ነው። ወረታ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ የጆንያውን ሥር ሳላይ ወደ ቤቴ አልመለስም። ባጃጅ ተሳፍሬ ሹፌሩ ባላሰብኩት በኩል ከታጠፈ ወዴት ነው ብዬ ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ነበርኩ፤ በፈተና ሰዓት ጣራ ጣራ የሚያይ ተማሪ ሲያጋጥመኝ እኔም ጣራውን አያለሁ፣ የተጻፈ ነገር እንዳለ ለማጣራት። አባቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ሲል ሌሎቹ ልጆች ይስቁ ነበር፤ እኔ ገንፎዬን እፈትሽ ነበር።

ያልጠረጠርኩት ሰው ቢኖር የታናሽ እህቴን ባል ነው። ጉማራ ዳር የሚኖር ገበሬ ነው፤ በባሕር ዳር መንገድ ድልድዩ ላይ ወርዶ ወንዙን ሽቅብ ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል የሄደ ሰው ቤቱ ይደርሳል። እህቴን ባገባ ሰሞን ልጠይቃቸው ብሄድ ጠላ ቀዳልኝ፤ እንደ ደንቡም ከጣሳው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። ቀጂው ቀድሞ የሚቀምሰው መጠጡ ውስጥ ክፉ ነገር እንደሌለ ለእንግዳው ለማሳየት ነው፤ ዛሬ ዛሬ ብዙ ሰው ለወጉ ያህል ብቻ ያደርገዋል። እኔ ግን እጁን ያዝኩትና «እኔና አንተ መቀማመስ ይቅርብን» አልኩት። ደስ አለው። ደስ ሲለው ጆሮውን ያሻል። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጣሳውን ሞልቶ እንዲሁ ይሰጠኝ ነበር፤ እኔም ውስጡን ሳላይ እጠጣ ነበር። ሳላይ የጠጣሁበት ቤት ያ ብቻ ነው።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቅዳሜ አብረን ዓሣ ማጥመድ ልማዳችን ነው። ክረምቱ ሲወጣ ነጭ ዓሣው ከጣና ይነሣና በጉማራ አፍ ገብቶ እንቁላሉን ለመጣል ሽቅብ ይወጣል፤ ውሃው ጠጠር ላይ ወደሚሮጥበት፣ ንጹሕ ወደሆነበት። እኛ መረብ አንጥልም። እንቁላል የያዘ ዓሣ በመረብ መጥረግ የዘር እህል እንደመፍጨት ነው ይላል የእህቴ ባል። መንጠቆና ገመድ ይዘን ሁለት ሦስት እናወጣለን፣ እዚያው ወንዙ ዳር እንጠብሳለን፣ በአዋዜ እንበላለን፣ ጥቂት ሰው እናማለን፣ እንመለሳለን። በዓመት አንድ ቀን ናት፤ እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዓመቱን የምቆጥረው በዚያች ቀን ነው።

ያን ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ እጁን ሰበሰበ። ፎገራ ላይ ሩዝ የዘራ ሰው ሁሉ አንጋጦ ሰማይ ማየት ጀመረ። ሩዝ ዘለላ ሊያወጣ ሲል ውሃ ከጎደለበት ገለባ ብቻ ነው የሚታቀፈው። ስለዚህ የውሃ ሞተር ያለው የራሱን፣ የሌለው የሰው ለምኖ ወንዙ ዳር ተከለ። እኔም ከእህቴ ቤት ወደ ላይ ራቅ ብሎ፣ ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር በእኩል የያዝኩት ሞተር ነበረኝ፤ እሱ መሬቱንና ጉልበቱን ያመጣል፣ ሩዙን እንካፈላለን። ሐሙስ ዕለት ደወለና ውሃው ከመውረዱ የተነሣ ሞተሩ አየር እየሳበ ነው አለኝ። ይህ ምን ያስጨንቃል አልኩት፤ ጆንያ አፈር ሙላና ወንዙን ዝጋው፣ ሲሞላልህ ትስባለህ። ስልኩን አስቀምጬ መንጠቆዬን መሳል ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጧት ባጃጁ ድልድዩ ላይ አወረደኝ። ወደ ታች አይቼ ደነገጥኩ። በዚያ ወር ሰው ሊሻገረው የማይደፍረው ወንዝ በአንድ ዳር ተጠግቶ፣ የሚያፍር ይመስል በድንጋዩ መካከል ይሄድ ነበር። ክረምት አይተነው የማናውቀው ድንጋይ ሁሉ ወጥቶ ደርቋል። ሽቅብ ስሄድ እርጥብ የነበረው ጭቃ ተሰንጥቆ ጫማዬ ሥር ይሰበራል። ሁልጊዜ የምናጠምድበት ኩሬ፣ ሾላው ሥር ያለው፣ እሱ ብቻ ውሃ ይዞ ቀርቷል። ዓሣው ሁሉ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄጃ አጥቶ እዚያ ታጉሯል። ጀርባቸው እስኪታይ ይዞራሉ፤ አንዳንዶቹም አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ ይዘጋሉ። የራባቸው መሰለኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም። እንዲህ በእፍኝ የሚዘገን ነገር አያስተማምነኝም። ይህን ያየ ሰው ምን ያስባል ብዬ አሰብኩ፤ ያኔ ነው ነገሩ የጀመረኝ።

የእህቴ ባል ዘግይቶ መጣ። ዘግይቶ አያውቅም። ሰላም ብሎኝ ገና ገመዱን ሳይፈታ ስልኩ ጠራና ራቅ ብሎ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ አነጋገረ። ማን ነው ስለው «ሰው ነው» አለኝ። ሰው እንደሆነማ እኔም አላጣሁትም። ጥቂት ቆይቶ እሱ ራሱ ደወለ፣ አሁንም ራቅ ብሎ። ወረታ ዓሣ ቸርቻሪዎች በሞተር ሳይክል ወንዝ ለወንዝ እየዞሩ ብዙ ዓሣ ያለው ሰው እንደሚፈልጉ ሰምቼ ነበር። አንድ ነገር ከአንድ ነገር ጋር ሲገጥም እኔ ራሴን መግታት አልችልም።

ሁለት ዓሣ አወጣሁ፤ እሱ ምንም አላወጣም፣ ልቡም እዚያ አልነበረም። ጠበስኩና ጠራሁት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይብሉ። እኔ ሆዴ ልክ አይዶለም» አለኝ።

ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንበላ ሆዱን አሞት አያውቅም፤ ይልቁንስ የዓሣውን ራስ እንኳ ሳይቀር የሚግጠው እሱ ነው። ብቻዬን በላሁ። እሱ ጣሳ ይዞ ከኩሬው በላይ ወዳለው ቁጥቋጦ ሄደ። እኔም፣ ላስተባብለው አልችልም፣ ተነሥቼ ሾላው ግንድ ሥር ቆሜ ተመለከትኩ። ቁጢጥ ብሎ ከጋቢው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈታ። ቡናማ ዱቄት ነው። ጣሳው ውስጥ አድርጎ ውሃ ጨመረበት፣ በጣቱ አማሰለው፣ ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ወዲያ ቁጥቋጦው ከለለኝ። እንደገና ሳየው ጣሳውን ወንዙ ውስጥ ያለቀልቅ ነበር፤ ድፍርሱ ወደ ኩሬው ሲወርድ በዓይኔ አየሁ።

ብርብራ ምን እንደሆነ በዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዛፍ ነው፤ የደብሩ ቅጥር ውስጥም አንድ ትልቅ ብርብራ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል፤ ሰው እንደ ድንች ይለቅመዋል። ክልክል ነው። ከብቱም ሰውም የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ስለሆነ ያገሩ ሰው ይጸየፈዋል፤ አድርጎ የተገኘ ሰው እሳት አይጫርለትም። ዱቄቱም ቡናማ ነው።

ሲመለስ ምን ታደርግ ነበር አልኩት። እጄን ስታጠብ ነበር አለኝ። ጣሳው ከእጁ ላይ ገና ይንጠባጠብ ነበር።

ያን ቀን እነሱ ዘንድ ነበር የማድረው። እራት ላይ እህቴ ለእኔ እንቁላል ጠብሳ አቀረበች፣ ለእሱ ሽሮ። እሱ ወደ እሷ ያያል፣ እሷ ወደ እሱ ታያለች፣ ሁለቱም ወደ እኔ አያዩም። እሷም ታውቃለች ማለት ነው አልኩ በልቤ። ጠላ ሲቀዳልኝ እንደ ልማዱ ሳይቀምስ ሰጠኝ፤ እኔም ጠጣሁት፣ ግን መጀመሪያ አየሁት። ያየኝ አልመሰለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወሬው ቀድሞን ነበር። ኩሬው በዓሣ ነጭ ሆኗል፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሞተዋል። ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ሰዎች ከብቱን እየደበደቡ መልሰዋል። ሁሉም ሰው ያለው አንድ ቃል ነው፤ ብርብራ። ሽማግሌዎቹም ሰው ወደ ቤቱ ሳይበተን እዚያው ደብሩ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር አውጫጭ ጠሩ።

አውጫጭ ላላየ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ጥፋት ሲደርስና አጥፊው ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሚጠረጥረውን በመሐላ ያወጣል። ዝም ማለት የለም፤ ዝም ያለ ሰው እንዳመነ ይቆጠራል። በአደባባይ መናገር የፈራ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብሎ ሊናገር ይችላል። የዕለቱ ዳኛ በወጣትነታቸው በታንኳ ጣና ላይ ዓሣ ሲያወጡ የኖሩ፣ ጉልበታቸው የደከመ ዓይናቸው ግን ያልደከመ አዛውንት ነበሩ። እንግዳም ቢሆን እዚያ ያደረ ሰው ይናገራል ብለው እኔንም አስቀመጡኝ።

ተራው ወደ እኔ ሲመጣ ምን እንዳሰብኩ ሳልደብቅ ልናገር። እህቴን አሰብኩ። ባሏ ይህ ስም ከወጣበት ማን ቤቷ ይመጣል፣ ማን ደቦ ይወጣላቸዋል፤ ይህን አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ እውነት ተደብቆ አይኖርም አልኩ። ደግሞም፣ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠረጥር ኖሬ አንድ ቀን በትክክል ያገኘሁ መስሎኝ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። በጆሮ ማንሾካሾክ የፈሪ ነው ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። ያየሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ጋቢውን፣ ዱቄቱን፣ ጣሳውን፣ ዓሣ አልበላም ማለቱን። ዓሣውን የመረዘ ሰው ዓሣውን አይበላም አልኩ። ሰዉ ዞሮ አየው። ከአጠገቡ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ።

አዛውንቱ ዱቄቱ ምን እንደነበር ጠየቁት።

«በሶ ነበር» አለ።

ሰዉ አጉረመረመ። የተጠበሰ ዓሣ ትቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ በሶ የሚበላ ማን ነው። አዛውንቱም ለምን ተደበቅህ አሉት። የእህቴ ባል እኔን አየኝ። የተቆጣ ሰው አስተያየት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ለምን እንደሆነ አልናገርም» አለና ተቀመጠ።

በአውጫጭ ላይ ይህ ማለቁ ነው። እኔም አንገቴን ደፋሁ፣ ግን ያለው እንደደረሰለት ሰው ነበር የደፋሁት።

አዛውንቱ አልፈረዱም። ሰው ተናግሮ ከጨረሰ ዓሣውን እንጠይቅ አሉና ከኩሬው በእንቅብ የመጣውን አስቀረቡ። አንድ በአንድ እያነሡ አዩ፣ ጉንጫቸውን ከፈቱ፣ አሸተቱ። ውሃው አረፋ ይዞ እንደሆነ ጠየቁ፤ አልያዘም። ትንንሾቹስ አሉ። ሊያይ የሄደው ሰው ትንንሾቹ ዳር ዳሩን ይዋኛሉ አለ።

«ብርብራ ከትንሹ ነው የሚጀምር» አሉ አዛውንቱ። «እዚህ የሞተው ትልልቁ ነው። ትልቅ ዓሣ ውሃ ሲቆምበት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቀድሞ ይሞታል። ይኸን ዓሣ የሰው እጅ አልገደለውም ልላችሁ አልችልም፤ ግን ብርብራ አይዶለም። ወደ ላይ ሂዱና ውሃውን ማን እንዳቆመው እዩ።»

ወዲያው የሐሙሱ ስልክ ትዝ አለኝ። ሰው ብድግ ሲል ወደ ኋላ ልቀር አሰብኩ፤ ሲቀር የታየ ሰው እንደሚጠረጠር ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ ተከተልኩ። ከሩቅ የሞተሩ ድምፅ ይሰማ ነበር። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር አፈር በሞላ ጆንያ ተገድቦ ከላይ ተንጣሏል፤ ከታች አንድ ጭብጥ ውሃ አይወርድም። የድሮ ተማሪዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከውሃው ውስጥ ቆሟል። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ግራ ተጋባ፤ እኔን መካከላቸው ሲያይ ግን ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ እንዳሉኝ ዘጋሁት። ሐሙስ ማታውኑ ሞላልኝ» አለ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ የተተረተ መሰለኝ። አዛውንቱ በከዘራቸው መሬቱን ቧጠጥ ቧጠጥ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ውሃው ውስጥ የገባው የእህቴ ባል ነው። አንዱን ጆንያ አቅፎ ጎተተ። እኔም ከነጫማዬ ገብቼ በሌላው ጫፍ ያዝኩ። ጎን ለጎን ሆነን እስከ መጨረሻዋ ጆንያ ጎተትን። ይቅር በለኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ግን «ያዝ፣ ያዝ፣ እንዳያዳልጥህ» ነው። ውሃው ሲለቀቅ እየተንደረደረ ወረደ፤ ኩሬው ውስጥ ለቀሩት ትንንሾች ደርሶላቸዋል፣ ለትልልቆቹ ግን አልደረሰም።

እህቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ወሬው ደርሷታል። ግባ አላለችኝም።

«ጽጌን ይጾማል» አለችኝ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ያጣነውን ልጅ ይዣለሁ፤ እስኪጸናልኝ ለሰው አንናገርም ብለን ነው። ዓርብ ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ ስላደረ ነው ቅዳሜ ስንደዋወል የዋልነው። ለአንተ ያልነገረህ ለምን ለምን እያልክ ስለምታደርቀው ነው። አሁን በአገሩ ሁሉ ፊት ቆሞ ያልተናገረውን እኔ ነገርኩህ።»

የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ስለት ያለበት ሰው ዓሣም ሥጋም ሳይቀምስ፣ ለሰውም ሳያወራ ይጾመዋል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በዚያ ወቅት አንድ ሰው በሶ ይዞ ከሰው ዓይን ቢርቅ እየጾመ ይሆናል ብሎ ማሰብ ለማንም ሰው ይቀላል። ለእኔ የቀለለኝ ብርብራው ነው። እህቴ ፊት ቆሜ አለቀስኩ፤ ካደግኩ በኋላ ፊቷ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቢሆንም አዛውንቱን ለምኜ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ፣ በዚያው ዋርካ ሥር፣ በዚያው ሰው ፊት በድያለሁ አልኩ። የእህቴ ባል ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመ፤ ይቅር ብያለሁ አለ። ውሸቱን አይደለም፤ ይቅር ብሎኛል። ሞተሩንም ለተማሪዬ ለቀቅኩለት፣ ወንዙን እንዳይዘጋ አስምዬ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ተለውጠሃል ይለኛል። አልተለወጥኩም፤ ሽንኩርቱን ዛሬም ከሥሩ አያለሁ። ብቻ አሁን መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሴን ነው፣ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይሆንልኝም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። የክርስትናው ቀን ቤቱ ሞልቶ ዳሱ ውስጥ ተቀመጥን። ልጁን አቀፍኩት፤ እኔን የመሰለ ግንባር አለው፣ ጠባዩን እግዜር ያውቃል። የእህቴ ባል ጠላውን ይዞ ራሱ ይቀዳ ነበር፤ ከዳሱ አፍ ጀምሮ ለእያንዳንዱ እንግዳ ጣሳውን እየሞላ፣ እየሳቀ፣ ጆሮውን እያሸ መጣ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ሳቁን አልተወም። ጣሳውን ሞላ፣ ጎንበስ አለ፣ ከላዩ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ፣ ከዚያም በሁለት እጁ ሰጠኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወጉን ያውቃል፣ አክብሮህ ነው አሉኝ። አዎ አልኳቸውና ጠጣሁ። ከእኔ በፊት ለተቀመጡት ሁሉ ሳይቀምስ ነበር የቀዳላቸው።